በሽታም በዓይን ይገባል

«ነገር በዓይን ይገባል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ሲል ስለ ፍቅርም፣ ስለ ቅናትም፣ ስለ ጠብም መናገሩ ነው። ሰው ያላየውን አይመኝም፤ ያላየውንም አይጠላም፤ የልብ በር ዓይን ነው ማለቱ ነው። የዛሬው ዘመን ሕክምና ግን በዚህ ምሳሌ ላይ አንድ ቃል እንድንጨምርበት ያስገድደናል። በዓይን የሚገባው ነገር ብቻ አይደለም፤ በሽታም በዓይን ይገባል። እንዲያውም በሌላ በር ገብቶ በሰውነታችን ውስጥ የተሸሸገ በሽታ ከሁሉ አስቀድሞ ብቅ ብሎ የሚታየው በዚሁ በዓይን ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በባሕር ዳር ከተማ ዓይኑ የቀላውን ወጣት «ምን ነካህ?» ብለን ብንጠይቀው የምናገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አቧራ ነው ይላል፤ ፀሐይ ነው ይላል፤ ሌሊቱን ሳጠና አድሬ ነው ይላል፤ ወይም ከኮምፒውተር ፊት ብዙ ሰዓት ተቀምጬ ነው ይላል። ይህን ካለ በኋላ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ይጠርግና ያንኑ እጅ ለሰላምታ ይዘረጋልናል። እኛም እንጨብጠዋለን። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። የዓይን መቆርቆርና መቅላት ቀላል ነገር ተደርጎ መታየቱ ትክክል ነውን? የተማረው ወጣትና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመረው ወጣት ሠራተኛስ በዚህ ነገር ላይ ምን ዓይነት ልማድ ሊኖረው ይገባል?

ከሁሉ አስቀድመን ለእውነት ስንል አንድ ነገር እንመን። አቧራም ፀሐይም ጭስም ዓይን ያቀላሉ። የጣና ዳር ፀሐይ በበጋ ወራት ኃይለኛ ነው፤ ከውሃው ላይ ተንፀባርቆ ሲመለስም እጥፍ ይሆናል። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከጠጠሩ መንገድ የሚነሣው ትቢያ፣ በየጓዳው በእንጨት ሲጋገር የሚወጣው ጭስ፣ በመስክም እህል ሲወቃ የሚበተነው ገለባ ዓይንን ያስለቅሳሉ። እንዲህ ያለው መቅላት ግን ምክንያቱ ሲርቅ እሱም አብሮ ይርቃል። ዓይን በንጹሕ ውሃ ታጥቦ አንድ ሌሊት ሲያርፍ ይለቀዋል። ሁለቱም ዓይን እኩል ቢያሳክክ፣ ማስነጠስም ቢጨመርበት፣ በየዓመቱም በአንድ ወራት የሚመላለስ ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሰውነት አንድን ነገር አልቀበልም ሲል የሚያሳየው ቁጣ፣ አለርጂ የሚባለው ነው። ይህም ቢሆን ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከቫይረስ የሚመጣው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአንደኛው ዓይን ሲሆን ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል፤ ብርሃን ያስጠላል፤ የሚወጣው ፈሳሽም ወፍራም መግል ሳይሆን ውሃ መሰል እንባ ነው። አንዳንድ ጊዜ ከጆሮ ፊት ትንሽ እብጠት ትዳሰሳለች፤ ከዓይኑ ጋር ጉሮሮ መከርከር፣ ንፍጥና ትኩሳት ይከተላል። ይህን ከሚያመጡት ቫይረሶች ውስጥ ዋነኛው አዴኖቫይረስ የሚባለው ነው። ይህ ቫይረስ ሰው ከያዘ በኋላ ምልክቱን እስኪያሳይ ከ5 እስከ 12 ቀን ይቆያል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም በሽተኛው እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። በደረቅ ዕቃ ላይ ደግሞ ለብዙ ቀናት ሳይሞት ይቀመጣል። ስለዚህ በሽተኛው ዓይኑን ጠርጎ የያዘው የበር እጀታ፣ የተደገፈው ጠረጴዛና የጻፈበት ብዕር ሁሉ የበሽታው መልእክተኞች ይሆናሉ ማለት ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ ኑሯችን እንመልከት። በዩኒቨርሲቲው ዶርም በአንድ ክፍል ብዙ ሰው ያድራል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል የራሱን ፎጣ ለይቶ የሚያሰጣው ጥቂቱ ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው በቅርብ ስለ ሆነ ይህን ኑሮ እናውቀዋለን። የጓደኛን ፎጣ መከልከል እንደ ንፍገት፣ የጓደኛን ትራስ አለመደገፍም እንደ ኩራት ይቆጠራል። ልጃገረዶች በአንድ የኩል እንጨት ተራ በተራ ይኳላሉ። በየቤቱ ደግሞ እናት የልጇን ዓይን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በዚያው ጫፍ የታናሹን ትጠርጋለች። በመሥሪያ ቤት ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ተሰልፎ አንዲት የጣት አሻራ መፈረሚያ መሣሪያ ይነካል፤ ከዚያም በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ በገመድ የታሰረችው ብዕር ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ትውላለች። ሰላምታችን በእጅ መጨባበጥና ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ነው። ይህ ፍቅራችን መልካም ነው፤ አይቅርብን። ነገር ግን ዓይኑ የቀላ ሰው ለጥቂት ቀናት ራቅ ብሎ እጅ ቢነሣ ፍቅሩን አበዛ እንጂ አጎደለ ልንለው አይገባም።

ይህን ያህል ማተት ለአንድ የዓይን መቅላት ይበዛል የሚል ቢኖር ታሪክ ይመልስለት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በጋና አገር በአክራ ከተማ እጅግ ፈጣን የሆነ የዓይን በሽታ ተነሣ። በያዘ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓይን ደም ይለብስ ነበር። ወቅቱ አፖሎ 11 የምትባለዋ መንኮራኩር ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰችበት ስለ ነበር ሕዝቡ በሽታውን «አፖሎ» ብሎ ሰየመው። አንዳንዱም ከጨረቃ የመጣ ነው ብሎ ፈራ። በኋላ ሲመረመር ግን ከጨረቃ ሳይሆን ከሰው እጅ የመጣ ኢንቴሮቫይረስ 70 የተባለ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። በሽታው ከጋና ተነሥቶ ብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮችን አዳረሰ። በቅርቡም፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመስከረም 2023 ዓ.ም.፣ በፓኪስታን የፑንጃብ ክፍለ አገር ዓይን የሚያቀላ ቫይረስ ተስፋፍቶ ከ56 ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ለቀናት ተዘግተዋል። በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ይኸው ዓይነት በሽታ በጎረቤቶቻችን በዳሬሰላምና በሞምባሳ ተነሥቶ ነበር። እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚያዘጋ ነገር ቀላል ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ እስካሁን የተናገርንለት በሽታ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ የሚድን ነው። የበለጠ ልንጠነቀቅለት የሚገባን የዓይን መቅላት ከኋላው ሌላ ትልቅ በሽታ አስከትሎ የሚመጣው ነው። ከነዚህም በአገራችን ዋነኛው ኩፍኝ ነው። ኩፍኝ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሽፍታውን ነው። ሽፍታው ግን የሚወጣው ዘግይቶ ነው። ከሽፍታው ከ2 እስከ 4 ቀን ቀደም ብሎ ሕፃኑ ያተኩሰዋል፤ ያስለዋል፤ ንፍጡ ይወርዳል፤ ዓይኑም ቀልቶ ያነባል። እናት ይህን አይታ ጉንፋን ነው፣ ፀሐይ መትቶት ነው ትላለች። በዚያን ጊዜ ግን ሕፃኑ በሽታውን ማስተላለፍ ጀምሯል። ክትባት ባልደረሰው ሕዝብ መካከል አንድ የኩፍኝ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ሊያስተላልፍ እንደሚችል ሐኪሞች ይናገራሉ። ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው።

ኩፍኝ ዓይን ላይ የሚታይ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ዓይንንም ያጠፋል። ቀድሞውኑ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በሰውነቱ ያለችው ጥቂት ቫይታሚን ኤ በኩፍኙ ትሟጠጥበታለች። በዚህ የተነሣ የብሌኑ መስታወት ይደርቅና ይቆስላል፤ ቁስሉም ቢድን ነጭ ጠባሳ ትቶ ብርሃኑን ይከልላል። ኩፍኝ ለያዘው ሕፃን በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ እንዲሰጠው የዓለም የጤና ድርጅት የሚያዝዘው ለዚህ ነው። መድኀኒቱ ርካሽ ነው፤ አሰጣጡም ጠብታ ማጠጣት ብቻ ነው። ያገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ የኩፍኝ ክትባት ለሕፃናት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በ9 ወር ከሚሰጠው ሌላ በ15 ወር ሁለተኛ ክትባት ተጨምሯል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስከትቦ ሁለተኛውን ይረሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም በየገጠሩ ክትባት የሚያደርሰውን ሥራ ጎድቶታል። ስለዚህ ዛሬ ከሽፍታው በፊት ዓይኑን አይቶ «ይህ ልጅ ተከትቧል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ የተማረ ሰው በየቤቱ ያስፈልጋል። የአንድ ሕፃን ብርሃን በዚያች አንዲት ጥያቄ ሊተርፍ ይችላል።

የቀድሞዎቹ ሰዎች ከኩፍኝ ሌላ ፈንጣጣ የሚባል ዓይን የሚያጠፋ ቫይረስ ያውቁ ነበር። ፊታቸው የተበሳሳ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ አረጋውያንን ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል። ፈንጣጣ ግን ባገራችን በ1968 ዓ.ም. የመጨረሻው በሽተኛ ታይቶ ጠፍቷል፤ ያጠፋውም ክትባትና ከቤት ወደ ቤት በእግር እየሄዱ በሽተኛ የፈለጉት የጤና ሠራተኞች ድካም ነው። አንድ ቫይረስ ከምድር ሊጠፋ እንደሚችል ያየ ሕዝብ ስለ ኩፍኝ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም።

ሌላው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ምች ነው። «ምች መታኝ» ያለው ሰው ከንፈሩ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ቢወጡበት ዳማከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፤ ይሸታል፤ ይቀባል። ሰው ሁሉ ይህን የሚያያይዘው ከፀሐይና ከድካም ጋር ነው። የሚያስገርመው ነገር ሕክምናም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እነዚያን የከንፈር ቁስሎች የሚያመጣው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ሲሆን ቫይረሱ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በነርቭ ሥር ተሸሽጎ ይቀመጥና ትኩሳት፣ ድካም ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኝ ተመልሶ ይወጣል። አባቶቻችን ቫይረሱን አላዩትም፤ ጠባዩን ግን አይተውታል። አደጋው ይህ ቫይረስ በከንፈር ፈንታ በብሌን ላይ የወጣ እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ አንድ ዓይን ይቀላል፤ ያማል፤ ብርሃን ይጠላል፤ ሐኪምም በልዩ ቀለምና መብራት ሲመለከተው የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል ያያል። ይህ ዳማከሴ የሚጨመቅበት ቦታ አይደለም። የማንኛውንም ቅጠል ጭማቂ ዓይን ውስጥ ማድረግ ቁስሉን ማባባስ ነው።

የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነውን አልማዝ ባለጭራንም አንርሳ። ይህን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ የሚያስወጣው ቫይረስ ነው። እሱም በነርቭ ሥር ብዙ ዓመት ተኝቶ ይኖርና በግንባርና በዓይን ቆብ አንድ ወገን ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ሽፍታ ሆኖ ይወጣል። ሽፍታው ወደ አፍንጫ ጫፍ የወረደ እንደ ሆነ ዓይን ውስጥም መግባቱ ያሰጋል። አሲክሎቪር የተባለው መድኀኒት በጣም የሚጠቅመው በ3 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ነው። በሽታው በአረጋውያን ላይ የተለመደ ነው። በወጣት ላይ በተለይም በፊቱ ላይ ሲወጣ ግን የሰውነት መከላከያ ኃይል መድከሙን ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪሞች የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ እንዲደረግ ይመክራሉ። ይህ የሚያሳፍር ምክር አይደለም። ምርመራውን በጊዜ ያደረገ ሰው መድኀኒቱን ጀምሮ ዕድሜውን በሥራና በጤና ሊጨርስ የሚችልበት ዘመን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» የተባለው ዛሬም እውነት ነው።

ዓይን የቫይረስ መስተዋት መሆኑን ዓለም ደጋግሞ አይቶታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ መቶ ሺህ ያህል ሰው ይዞ 30 ሺህ ያህል እንደ ገደለ ይገመታል። በዚያ በሽታ ዓይን በመጀመሪያ ይቀላል፤ ቢጫነቱ የሚመጣው በኋላ ነው። የኮሮና ቫይረስም በጥቂት በሽተኞች ላይ በዓይን መቅላት ጀምሯል። በቻይና አገር በውሃን ከተማ ስለ አዲሱ በሽታ ጓደኞቹን አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ሊ ዌንሊያንግ የዓይን ሐኪም ነበር፤ እሱም ራሱ በዚያው በሽታ ተይዞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2020 ዓ.ም. በ33 ዓመቱ ሞተ። በሽታው ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው ከዚያ በኋላ በመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ «ፊታችሁን በእጃችሁ አትንኩ» ተብለን ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ምክሩም አብሮ አለፈ። ማለፍ ግን አልነበረበትም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃራኒ ስሕተት እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። የቀላ ዓይን ሁሉ ቫይረስ ነው፣ በራሱ ይድናል ብሎ መቀመጥም ባገራችን፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ብርሃን ያስከፍላል። ምክንያቱም ማዝ ወይም ትራኮማ የተባለው በሽታ የሚመጣው ከቫይረስ ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው የዓይን ጤና ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ያገሪቱ ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ፣ በአማራ ክልል ግን ከመቶ 62 የሚበልጡት ማዝ ነበረባቸው። ይህ በሽታ በልጅነት ቀላል መቅላት ይመስላል። እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ውስጥ ሲያቆስል ከብዙ ዓመት በኋላ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በታጠፈም ጊዜ ብሌኑን ይፍቃል። በወረንጦ ሽፋሽፍቷን ስታስነቅል የኖረች አሮጊት እናት የሌላት የገጠር ቤት በብዙ አካባቢ ጥቂት ነበር። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የክልሉ ጤና ቢሮ ከካርተር ማእከልና ከላየንስ ክበቦች ጋር በመሆን ቀዶ ሕክምና፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኀኒት፣ የፊት ንጽሕናንና የአካባቢ ንጽሕናን አስተባብሮ ሲዋጋው ቆይቷል። በሽታው በብዙ ወረዳ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

የሚገርመው፣ ሊቃውንት ራሳቸው ማዝን ከቫይረስ ጋር ሲያደባልቁት ብዙ ዘመን ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሃልበርሽቴተርና ፕሮቫዜክ የተባሉት ሁለት ሊቃውንት በጃቫ ደሴት በበሽተኞች ዓይን ውስጥ ልዩ ምልክት አገኙ። ጀርሙን ለብቻው ለማሳደግ ግን ሃምሳ ዓመት ፈጀ። በ1957 ዓ.ም. የቻይናው ታንግ ፌይፋን በዕንቁላል አስኳል ውስጥ አሳደገው፤ በሽታውን የሚያመጣው እሱ መሆኑን ለማስረዳትም በገዛ ዓይኑ ላይ ጨመረው። ከዚያ በኋላም እንኳ ጀርሙ ከቫይረሶች ተለይቶ በባክቴሪያነት የታወቀው በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። ሊቃውንት ይህን ያህል ዘመን የተቸገሩበትን ነገር እኛ በመስታወት ፊት ቆመን በአንድ ደቂቃ እንፈርደዋለን ማለት ድፍረት ነው።

ይህ ድፍረት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በመድኀኒት ቤት ነው። ዓይኑ የቀላ ወጣት ወደ መድኀኒት ቤት ገብቶ «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» ይላል። ወይም ጓደኛው ባለፈው ዓመት ከተጠቀመበት የቴትራሳይክሊን ቅባት የተረፈውን ይለምናል። ቴትራሳይክሊን ለማዝ ይጠቅማል፤ ለቫይረስ ግን ምንም አያደርግም። ከዚህ የከፋው ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታዞንን የመሰለው መድኀኒት ዓይን ውስጥ ሲገባ መቅላቱን በአንድ ቀን ይቀንሳል፤ ስለዚህም ሰው ይወደዋል። ነገር ግን በብሌኑ ላይ ያለው ሄርፒስ የሆነ እንደ ሆነ ቁስሉ በጸጥታ ይስፋፋል። ጠብታው ለረዥም ጊዜ ቢወሰድ ደግሞ የዓይን ግፊት ይጨምርና ግላኮማ ያመጣል፤ የዓይን ሞራም ያስከትላል። ስቴሮይድ ክፉ መድኀኒት አይደለም፤ የዓይን ሐኪም አይቶ ሲያዝዘው ብርሃን ያድናል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሸጥና ሲገዛ ግን ሻጩም ገዢውም ተጠያቂ ናቸው እንላለን።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን እንመለስ። ወጣቱ ሠራተኛ ዓይኑ ቀልቶ ሥራ የሚገባው ሁልጊዜ ከግዴለሽነት አይደለም። አዲስ ተቀጣሪ ነው፤ ቀረ እንዳይባል ይፈራል። ለዓይን መቅላት የሕመም ፈቃድ ልጠይቅ ቢል የሚስቁበት ይመስለዋል። አንዳንድ አለቃም «ዓይን ነው እንጂ እግርህ አልተሰበረ» ሊል ይችላል። ሂሳቡን ግን እንሥራው። አንድ ሠራተኛ 7 ቀን ቤቱ ቢቀመጥ መሥሪያ ቤቱ የሚጎድልበት 7 የሥራ ቀን ነው። ሥራ ገብቶ 6 ባልደረቦቹን ቢያሲዝና እነሱም 7፣ 7 ቀን ቢታመሙ የሚጎድለው 42 ቀን ይሆናል፤ ባለጉዳዩ በመስኮት ተቀብሎ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሳይቆጠር። በዚህ የሚያታልል ሰነፍ ሊኖር ይችላል የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። ሰነፍ ለመቅረት የቀላ ዓይን አያስፈልገውም፤ የሐኪም ማስረጃ የሚጠየቅ ከሆነም ሰነፉ በዚያው ይለያል። ስለዚህ አለቆች የቀላ ዓይን ያለውን ሠራተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም እንደ ሐኪሙ ቃል ወደ ቤቱ መስደድን እንደ ችሮታ ሳይሆን እንደ ሥራ አመራር ቢያዩት፣ በጣት አሻራ መፈረሚያው አጠገብም ውሃና ሳሙና ቢያኖሩ፣ ወጪው ጥቂት ጥቅሙ ብዙ ነው። የተማሪ ማደሪያ ኃላፊዎችም በተመሳሳይ ዓይኑ የቀላ ተማሪ ፈተና ቢያልፈው ሌላ ጊዜ እንዲፈተን የሚያደርግ ግልጽ ሥርዓት ቢኖራቸው ተማሪው ሕመሙን ለመደበቅ ምክንያት አይኖረውም።

ስለ ውሃና ስለ ጠበልም አንድ ቃል እንበል። የጣና ዳር ሕዝብ ውሃ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ነው። ቢሆንም ሐይቁ በቅርብ መታየቱ ንጹሕ ውሃ በየቤቱ አለ ማለት አይደለም። ከዘጌና ከሌሎቹ መንደሮች ውሃ ቀድታ የምትመለሰው ልጅ ያንኑ እንስራ ለመጠጥም ለወጥም ለፊት መታጠቢያም ታብቃቃዋለች። ለፊት መታጠብ ግን አንድ ጭብጥ ውሃ ይበቃል፤ ዋናው ነገር በየቀኑ መታጠቡና በአንድ ሳፋ ተራ በተራ አለመነከሩ ነው። ፊቱ የታጠበ ልጅ ላይ ዝንብ አያርፍም። ጠበል መጠመቅ የእምነት ጉዳይ ስለ ሆነ የምንከራከርበት አይደለም። የተጠመቀ ሰው በራሱ ፎጣ ቢያደርቅ፣ ከጠበሉም ጋር ሐኪሙን ቢጨምር ግን እምነቱ አይቀንስበትም። በጥምቀት በዓልም ሕዝብ በሐይቁ ዳር ሲሰበሰብ ዓይኑ የታመመ ሰው ጥቂት ራቅ ብሎ ቢያከብር ለወንድሞቹ በጎ አደረገ።

መቼ ወደ ሐኪም ቤት በችኮላ መሄድ ይገባል? ዓይኑ ከመቆርቆር አልፎ ብርቱ ሕመም ያለው እንደ ሆነ፤ ማየት የደከመ ወይም የደበዘዘ እንደ ሆነ፤ በብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ የታየ እንደ ሆነ፤ በግንባር፣ በአፍንጫ ወይም በዓይን ቆብ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣ እንደ ሆነ፤ ሕፃኑ አተኩሶት ሽፍታ የጀመረው እንደ ሆነ፤ በሽተኛው ገና የተወለደ ጨቅላ እንደ ሆነ፤ ወይም ዓይኑ በእንጨት፣ በድንጋይ ወይም በኬሚካል የተመታ እንደ ሆነ አንድ ቀን እንኳ ማደር አይገባም። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም እንዲሁ። ከዚህ ውጭ የሆነው ቀላል መቅላት ደግሞ እጅን በሳሙና በመታጠብ፣ ዓይንን ባለማሸት፣ ፎጣንና ትራስን በመለየት፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ዓይን ላይ በማኖርና በመታገሥ ያልፋል። በሳምንት ውስጥ መሻል ካልጀመረ ግን እሱም ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

በመጨረሻም ነገራችን ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች የሆነበትን ምክንያት እንናገር። ከእናንተ አብዛኞቹ ከገጠር የመጣችሁ ናችሁ። ለበዓል ወይም ለክረምት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ እናትና አባት፣ ጎረቤትም ሳይቀር፣ የታመመውን ልጅ ይዘው «አንተ የተማርከው፣ አንቺ የተማርሽው፣ እስቲ እዩት» ይሏችኋል። ሐኪም አለመሆናችሁን ብትነግሯቸውም አይሰሟችሁም፤ ለእነሱ የተማረ ሁሉ ሐኪም ነው። በዚያን ጊዜ ከኪሳችሁ የተረፈ ጠብታ አውጥታችሁ ብትሰጡ ጥፋት ነው። «አቧራ ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ ብታልፉም ጥፋት ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ልጁ አተኩሶታል ወይ? ተከትቧል ወይ? ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ይታያል ወይ? መልሱን ሰምታችሁ እናቲቱን እስከ ጤና ኬላው አብራችኋት ሂዱ። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ልብ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። ያገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው እንዲህ ላለው ነገር ነው፤ የሚቃጠለውም የአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ ብርሃን ነው።